ከርቤ በምን ይዘፍዘፍ? በድሬዳዋና በሐረር ገበያ የሚገኙ አሟሚዎች ሲመዘኑ

ድሬዳዋ ላይ ከርቤ አይታጣም። ከሶማሌ ክልል ቆላ እየተለቀመ የሚመጣው ሙጫ ቀፊራ ገበያ ዕጣን ከሚሸጡት እናቶች ዘንድ አለ፤ ሐረርም ጁገል ውስጥ ሆነ ሸዋ በር ገበያ ላይ ከቅመሙ ጎን ይገኛል። ለድድና ለአፍ ቁስል የሚሆን የከርቤ ቲንክቸር (በአልኮል ተዘፍዝፎ የተጠለለ ፈሳሽ መድኃኒት) ቤቱ ማዘጋጀት የፈለገ ሰው የሚቸገረው የሚዘፈዝፍበትን ፈሳሽ ሲመርጥ ነው። ፋርማሲ ገብቶ «አልኮል ስጡኝ» ሲል የሚሰጠው ጠርሙስ፣ ሱፐርማርኬት የተደረደረው ቮድካ፣ አረቄ ቤት የሚቀዳው ካቲካላ፣ ለሳሙና ሠሪዎች የሚሸጠው ግሊሰሪን፣ ወጥ ቤት ያለው አቼቶ ሁሉም አንድ ነገር ያሟማሉ። የሚያሟሙት ግን የተለያየ ነው፤ ከመካከላቸው አፍ ውስጥ ሊገቡ የማይገባቸውም አሉ።

እዚህ የተመዘኑት በሦስት ጥያቄ ነው። ከተክሉ ውስጥ የምንፈልገውን ነገር ያወጣል ወይ? ለአፍ ይሆናል ወይ? በድሬዳዋ ሙቀት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አልገባም።

መጀመሪያ ስለ ከርቤው። ከርቤ አንድ ወጥ ነገር አይምሰላችሁ። በግምት ከክብደቱ ከ30 እስከ 60 በመቶው በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ ከ25 እስከ 40 በመቶው ውሃ የማይነካው፣ አልኮል ብቻ የሚያሟማው ሬዚን ነው፤ ከ3 እስከ 8 በመቶው ሽታውን የሚሰጠው ተናኝ ዘይት ነው። ድድን የሚያኮማትረውና አፍን የሚያጸዳው ሬዚኑና ዘይቱ ናቸው። ሙጫው ለዚህ ሥራ ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ዋናው አስቸጋሪ እርሱ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ውሃ በበዛ ቁጥር ሙጫው ይሟሟል፣ ሬዚኑ ይቀራል። አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ሬዚኑ ይወጣል፣ ሙጫው ጠርሙሱ ግርጌ ይቀመጣል። በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት የከርቤ ቲንክቸር 1 ለ5 (አንድ እጅ ከርቤ ለአምስት እጅ ፈሳሽ) ሆኖ በ90 በመቶ ኤታኖል፣ ማለትም መጠጥ ውስጥ ባለው የአልኮል ዓይነት፣ እንዲሠራ የተደነገገው ለዚህ ነው። ቁጥሩ የልማድ አይደለም፤ ከ90 በታች ሲወርድ የሚገኘው ነገር ሌላ ነው።

ንጹሕ ኤታኖል፣ 96 በመቶ

ለከርቤ፣ ለዕጣን፣ ለእርድና ለዝንጅብል ከዚህ የሚበልጥ የለም። የአገራችን ኤታኖል በብዛት ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ይመነጫል፤ ፊንጫና መተሐራ ያመርታሉ፤ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም ከመጠጦቹ ሌላ አልኮል ያቀርባል። ትልቁ ጥንቃቄ ያለው በዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ኤታኖል ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ ለመጠጥና ለመድኃኒት የሚሆነው ንጹሑ፣ እና ሰው እንዳይጠጣው ሆን ተብሎ የተበከለው ዲናቸርድ። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ «96» ወይም «97» ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩን አይታችሁ አትግዙ። «ዲናቸርድ»፣ «ቴክኒካል»፣ «ለውጭ አካል ብቻ»፣ «ለኢንዱስትሪ» ከሚሉት አንዱ ካለበት ለአፍ አይሆንም፤ ሽታው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይሆንም። መበከያው ብዙ ጊዜ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው፤ ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ይገድላልም። በማጣራት፣ በከሰል በማሳለፍ፣ ዳግም በማፍላት ቤት ውስጥ የሚለይበት መንገድ የለም።

ከጄሪካን እየቀነሱ በሃይላንድ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። መለያ ወረቀት የሌለውን አልኮል ሻጩ በምላሱ ቢምልላችሁም ለቲንክቸር አትጠቀሙበት። የታሸገ፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥርና ለምን እንደሚውል የተጻፈበት ብቻ። ይህ ካልተገኘ ከርቤውን አስቀምጡትና ሌላ ተክል በሌላ ፈሳሽ ሥሩ፤ አሟሚውን በአጠራጣሪ ከመተካት ተክሉን መቀየር ይሻላል።

የገዛችሁት እውነት 96 መሆኑን ለማወቅ የወርቅ ሚዛንና የመለኪያ ሲሊንደር ይበቃል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል ወደ 80.7 ግራም ይመዝናል። 90 በመቶው 83 ግራም ገደማ፣ 70 በመቶው 88.6፣ 40 በመቶው 94.8 ነው። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲሞላ አልኮሉ ስለሚለጠጥ ያው 100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ሊሞላ ትንሽ የጎደለ ያህል ይቀልላል፤ ስለዚህ ደካማው አልኮል ጠንካራ መስሎ ይታያል። ማለዳ መዝኑ፣ ወይም ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁ ቴርሞሜትር 20 ሲያሳይ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ የሜታኖል ክብደት ከኤታኖል ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፣ ለማይጠጣ ማጽጃ የሚውለው ኢሶፕሮፒል አልኮልም ብዙ አይርቅም። ሚዛኑ የሚነግራችሁ ውሃ ምን ያህል እንደተጨመረ ነው። ንጽሕናውን አይነግራችሁም።

ከ96 ወደ 90 ማውረድ ቀላል ነው። 500 ሚሊ ሊትር ለማግኘት 469 ሚሊ ሊትር አልኮል ለክታችሁ እስከ 500 መስመር ድረስ ውሃ ሙሉበት። «31 ውሃ ጨምር» አላልንም፤ አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ይኮማተራል። ሃምሳ በሃምሳ ስትቀላቅሉ 100 ሳይሆን ከ96 እስከ 97 ሚሊ ሊትር ብቻ የምታገኙት ለዚህ ነው። ውሃውም ይመረጥ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ካልሲየሙ የበዛ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው እርሱ ነው። ጠንካራ አልኮል ሲነካው ጨዉ ስለማይሟሟ ነጭ ደለል ይሆናል፣ ያን ያየ ሰው ቲንክቸሩ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። ማዕድኑ ዝቅተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ይበቃል። የባትሪ ውሃ ለምግብ ተብሎ ስላልተዘጋጀ አይሁን።

አሠራሩ

100 ግራም ከርቤ፣ 500 ሚሊ ሊትር 90 በመቶ ኤታኖል። ከርቤው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሲሰበር ውስጡ የሚያብለጨልጭ፣ ሲቀመስ መራራ መሆን አለበት። ሀባክሃዲ የሚባለው ዘመዱ ብዙ ጊዜ ይቀላቀልበታል፤ ሽታው ጣፈጥ ያለና የሚያስወድድ ስለሆነ ገዢ ያታልላል፣ ምሬቱ ግን ከከርቤ ያንሳል። አንዱን ፍሬ ሰብሮ ሳይቀምሱ ኪሎ መግዛት አያዋጣም። አሸዋ፣ ቅርፊትና እንጨት ያለበትን ልቀሙት።

በድሬዳዋ ሙቀት ከርቤ ይለሰልሳል፤ ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ ዘነዘናው ላይ ይለጠፋል እንጂ አይደቅም። አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና ወዲያው ሳይሞቅ ውቀጡት፤ ይሰባበራል። የምስር ክክ ያህል ሲሆን አቁሙ። እንደ ዱቄት ከላመ አልኮሉ ሲፈስበት ሬዚኑ ይሟሟና ሙጫው አንድ ላይ ተያይዞ ግርጌው ላይ ይጋገራል፤ ከሥሩ ያለው ከርቤ አልኮል ሳይነካው ይቀራል። የድሮ መድኃኒት ቀማሚዎች ይህን ለማስቀረት በደንብ የታጠበና የደረቀ ንጹሕ አሸዋ ይቀላቅሉበት ነበር፤ ዛሬም ይሠራል፣ የከርቤውን ግማሽ ክብደት ያህል አሸዋ በቂ ነው፣ ሲጠለል አብሮ ይቀራል።

መጀመሪያ 400 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ጨምሩ። 100ውን አቆዩት። በብርጭቆ ማሰሮ፣ ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ነቅንቁት፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ካልተነቀነቀ ግርጌው ይደርቃል። ከሰባት ቀን በኋላ አንድ ሌሊት ሳትነኩት እንዲሰፍር አድርጉና ጥርት ያለውን ከላይ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፤ ከዚያ በቡና ማጥለያ ወረቀት አሳልፉት። በመጨረሻ ያስቀመጣችሁትን አልኮል እየጨመራችሁ 500 ሙሉት። ቅጠል ሲዘፈዘፍ አተላው ይጨመቃል፤ ሙጫ ግን አይጨመቅም። ከጨመቃችሁት ያስቀራችሁት ሙጫ ወደ ቲንክቸሩ ተመልሶ ይገባል፣ በወረቀቱም አያልፍም።

ግርጌው ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ዝቃጭ ብዙ ነው፤ ከጨመራችሁት ከርቤ ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል። «አልሟሟም» ብላችሁ ውሃ እንዳትጨምሩ። እርሱ ሙጫው ነው፣ መቅረት ያለበት ነው። ሥራው መሳካቱን ለማየት ከቲንክቸሩ ጥቂት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ወዲያው እንደ ወተት መንጣት አለበት። ኡዞ ውሃ ሲነካው የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አልኮል ይዞት የነበረው ዘይትና ሬዚን ውሃ ሲበዛ በጥቃቅን ጠብታ ይለያል። ካልነጣ፣ ወይ አልኮላችሁ ደካማ ነበር ወይ ከርቤያችሁ ከርቤ አልነበረም።

አጠቃቀሙ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሊትር በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። ሳይበረዝ በጥጥ ነክሮ የቆሰለውን ድድ ብቻ መንካትም ይቻላል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። አይዋጥም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ልጆች አይጠቀሙበት። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልዳነ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ የማይድን የአፍ ቁስል በከርቤ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

የፋርማሲው 70 በመቶ

በጣም ቀላሉ የሚገኘው ይህ ነው፤ ስህተት የሚሠራውም በብዛት በዚህ ነው። ለመርፌ ቦታና ለቁስል ዙሪያ ማጽጃ የተዘጋጀ ነው። አንዳንዱ ኢሶፕሮፒል አልኮል ነው፣ አንዳንዱ ዲናቸርድ ኤታኖል። ኢሶፕሮፒል ሬዚን ያሟማል፣ በሚገባ ያሟማል፤ ቲንክቸሩ ሲታይ ያማረ ይሆናል። ግን ለአፍ አይሆንም፣ ለመጉመጥመጥም አይሆንም። አልኮሉ ይተናል ብሎ መጽናናትም አያስኬድ፤ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ የሚተን ነገር የለም። ለቆዳ ብቻ ለሚቀባ፣ ለጉልበት ማሻሻ ለመሳሰለው ተቀባይነት አለው፤ ጠርሙሱ ላይ «አይጠጣም፣ ለቆዳ ብቻ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ከዚህ ውጭ ማሰሮና ሲሊንደር ለማጽዳት ጥሩ ነው።

ሳኒታይዘር ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር የሚሠራው 80 በመቶ ኤታኖል ከግሊሰሪንና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ነው፤ ሌላው ሽቶ፣ ቀለምና ጄል ማድረጊያ አለበት። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚንም ሬዚን ስለሚያሟሙ ብቻ የሚመክሩ አሉ፤ ቅሪታቸው መርዝ ነው፣ ስለ እነርሱ ሌላ የሚባል የለም።

ቮድካና ጂን

40 በመቶ ናቸው፤ ታሽገው፣ ታትመው፣ ታውቀው ይሸጣሉ። ለከርቤ ከንቱ ናቸው። ውሃው 60 በመቶ ስለሆነ ሙጫው ይሟሟል፣ ሬዚኑ ግን ጥቂቱ ብቻ ይወጣል፤ የሚገኘው ቡናማ፣ ደፍራሳ፣ በወረቀት የማያልፍ፣ እያደር የሚወፍር ነገር ነው። ቮድካውም ከርቤውም ይባክናል።

ለደረቅ ቅጠል ግን ቮድካ ከ96ቱ ይመረጣል ማለት ይቻላል። ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ ውስጥ ያለው ጥቅም ዘይት ብቻ አይደለም፤ በውሃ የሚወጣም አለ፣ ግማሽ አልኮል ግማሽ ውሃ የሆነ ነገር ሁለቱንም ይይዛል። 40 ግራም ደረቅ ጦስኝ በእጅ ታሽቶ በ200 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ በየቀኑ እየተነቀነቀ፣ መጨረሻ ላይ በንጹሕ ነጠላ ጭምቅ። ቅጠሉ ፈሳሹን ስለሚጠጣ 200 አስገብታችሁ 150 ብታገኙ አይግረማችሁ። ጂን ግን አትጠቀሙ፤ ጣዕም የሚሰጠው የጽድ ፍሬ የራሱን ቅመም ይዞ ይመጣል። ኡዞም እንዲሁ፣ አኒሱ ሁሉን ይውጠዋል፤ ስኳር ያለበት ሊኬር ደግሞ አጠላለሉን ያበላሻል።

እርጥብ ቅጠል በቮድካ መዘፍዘፍ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። እርጥብ ተክል ውሃውን ይዞ ይገባል። እርጥብ ዝንጅብል 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ 100 ግራሙ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ ማሰሮው ይጨምራል። በ200 ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ ከገባ 40 የነበረው አልኮል ወደ 29 በመቶ ይወርዳል፤ የዝንጅብሉ የሚያቃጥለው ክፍል አይወጣም፣ ፈሳሹም በጥሩ ሁኔታ አይቆይም። ያው 100 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል ቢዘፈዘፍ መጨረሻው 68 ወይም 69 በመቶ ላይ ያርፋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ቮድካ ብቻ ካላችሁ ዝንጅብሉን ቀጭን ከትፋችሁ አድርቁት፤ የድሬዳዋ አየር ይህን በሁለት ቀን ይጨርሳል፣ በጥላ ይሁን።

የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭም የጠንካራው አልኮል ወገን ነው። ነጩ ሥጋ ተፍቆ ይውጣ፣ ቀለም ያለው ውጫዊ ልጣጭ ብቻ በ90 በመቶ ለሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ ወደ 40 ስታወርዱት ቢደፈርስ ዘይቱ ተለየ ማለት ነው፤ ትንሽ አልኮል መልሳችሁ ብትጨምሩ ይጠራል።

ካቲካላና ዳግም አረቄ

ርካሽነቱና በየሰፈሩ መገኘቱ ያስመርጠዋል፤ ከአርሲ ነገሌ የሚመጣውን የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ለቲንክቸር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ጥንካሬው ከማድጋ ማድጋ ይለያያል፣ ስለዚህ የዛሬው ልክ ለነገ አይሠራም። ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ተለይቶ መደፋቱን፣ ወይም ሻጭ በመንገድ ላይ ኢንዱስትሪ አልኮል መቀላቀል አለመቀላቀሉን ገዢ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እሳት ለኩሶ «ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ ንጹሕ ነው» ማለት ፈተና አይሆንም። ሜታኖልም ሰማያዊ፣ እንዲያውም በቀን ብርሃን የማይታይ ነበልባል ነው ያለው። «ከነደደ ጠንካራ ነው» ማለትም ድሬዳዋ ላይ አያስኬድም። 40 በመቶ አልኮል የሚነድ ትነት የሚሰጠው ከ26 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፤ ሐረር ላይ በብርዱ ማለዳ የማይነደው ያው አረቄ ድሬዳዋ ላይ በእኩለ ቀን ክብሪት ሲጠጋው ይነዳል። ከርቤ ላይ ካየነው ከቮድካ አይሻልም፤ ለቅጠልም ቢሆን ቮድካ ባለበት አንመርጠውም።

አልኮል ለማይገባበት ቤት

በሁለቱም ከተሞች አልኮል ደጁን የማያልፍበት ቤት ብዙ ነው፤ ለዚህ ቤት የሚሆን መልስ መስጠት ተገቢ ነው። እውነቱ ግን መነገር አለበት፤ ሬዚን በግሊሰሪንም በአቼቶም አይወጣም። ያለ አልኮል ከርቤ የሚፈልግ ሰው በደንብ የላመ ከርቤ በሙቅ ውሃ በጥብጦ፣ እየነቀነቀ፣ በዚያው ቀን ተጉመጥምጦ ቢጨርሰው ይሻላል። ዱቄቱ ራሱ አፍ ውስጥ ስለሚደርስ ሬዚኑም አብሮ ይደርሳል። አይቀመጥም፤ ሙጫው ያለበት ውሃ በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ግሊሰሪን ለቅጠልና ለአበባ ግን እውነተኛ አሟሚ ነው። ጣፋጭ ነው፣ አያቃጥልም፣ ታኒን (አፍን የሚያኮማትር ነገር) ያለበትን ተክል ፈሳሹ ውስጥ ሳይዘቅጥ ይይዘዋል። ለደረቅ ተክል ሦስት እጅ ግሊሰሪን ለሁለት እጅ ውሃ፤ 120 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ከ80 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ለ40 ግራም ደረቅ ከርከዴ ወይም ጦስኝ። ከ55 በመቶ በታች ከወረደ ሻጋታ ይይዘዋል። ለእርጥብ ተክል ውሃ አትጨምሩ፤ ተክሉ የራሱን ያመጣል። እየወፈረ ስለሚያስቸግር ማሰሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እያቆማችሁ ነቅንቁት፤ ማጥለሉ ጊዜ ይወስዳል፣ በወረቀት ሳይሆን በነጠላ ይሁን። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይዘፍዘፍ፣ ፍሪጅ ይግባ፣ በስድስት ወር ይለቅ።

የግሊሰሪን አገዛዝ እንደ አልኮሉ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሳሙናና ለቅባት በጄሪካን የሚሸጠው ለመዋጥ አይደለም። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጋምቢያ ውስጥ ብዙ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት የሞቱት ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ከተገኘባቸው የሳል ሽሮፖች ጋር ተያይዞ ነበር፤ እነዚህ መርዞች ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮልን በመሰሉ ጥሬ ዕቃዎች በኩል ነው ወደ መድኃኒት ሾልከው የሚገቡት። ዳይኤቲሊን ግላይኮልም ጣፋጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቀለም የለውም፤ ምላስና ዓይን አይለዩትም። ንጹሕ ግሊሰሪን 100 ሚሊ ሊትሩ ወደ 126 ግራም ይመዝናል፤ በጣም ከቀለለ አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ ግን ክብደቱ ልክ ስለሆነ ብቻ አትመኑት፤ ጥቂት ብክለት በሚዛን አይታይም። ለምግብ ወይም ለመድኃኒት ደረጃ የሚል የታሸገ፣ ከፋርማሲ።

አቼቶ ለነጭ ሽንኩርትና ለጦስኝ ይሠራል። 5 በመቶ አሲድ ያለው ይሁን፤ መለያው ላይ መጠኑን ካልጻፈ ተዉት። እርጥብ ተክል ሲበዛበት አሲዱ ስለሚላላ፣ ለአንድ እጅ ተክል ቢያንስ አምስት እጅ አቼቶ። የብረት ክዳን በሳምንት ይዝጋል፣ ዝገቱም ይገባበታል፤ የፕላስቲክ ክዳን፣ ወይም ከክዳኑ በታች የላስቲክ ወረቀት። ነጭ ሽንኩርትን ጥሬውን በዘይት ዘፍዝፎ ከውጭ ማቆየት ግን ፈጽሞ አይደረግ። አየር የማይገባበት፣ አሲድ የሌለበት፣ እርጥብ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚመቸው ቦታ ነው፤ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ይመርዛል።

ጤና አዳም ላይ ቃል እንጨምር፣ በቡና ስለሚለመድ ሰው በቲንክቸርም ይሞክረዋልና። ጠንካራ አልኮል ፉራኖኩማሪን የሚባለውን ያወጣዋል፤ ያ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይቆጣል፣ ጠባሳው ለወራት ይቆያል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። አንድ ቅርንጫፍ በስኒ ቡና ሌላ ነው፣ 40 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር ሌላ። በየትኛውም አሟሚ ቢሆን አናዘጋጀውም።

እሳትና ማሰሮ

96 በመቶ ኤታኖል ከ17 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ የሚነድ ትነት ይሰጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊት እንኳ ክፍሉ ከዚያ በላይ የሚሞቅበት ወቅት ይበዛል። ይህ ማለት ማሰሮው በተከፈተ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት አለ ማለት ነው፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ ከሰል ሊያገኝ ይችላል። ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ምድጃ በሚነድበት ክፍል አልኮል አይቀዳም፣ አይጠለልም። መስኮት ተከፍቶ፣ ማለዳ፣ ሌላ ክፍል። ቲንክቸርን «ለማወፈር» እሳት ላይ መጣድ ቤት ያቃጥላል።

ማስቀመጫው ቡናማ ብርጭቆ ይሁን፣ ከመስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት የራቀ። ጠብታ ያለው ላስቲክ ክዳን ለከርቤ አይሆንም፤ የጠንካራ አልኮል ትነት ላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ጠመዝማዛ ክዳን ላይም ሬዚኑ ደርቆ ይጣበቃል፤ ከቀዳችሁ በኋላ አፉን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። ማሰሮው ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ተክሉ፣ አሟሚውና ጥንካሬው፣ የተዘፈዘፈበትና የተጠለለበት ቀን፣ ለአፍ ወይም ለቆዳ መሆኑ። ከርቤ በ90 በመቶ፣ በሚገባ ከተዘጋ፣ ሁለት ዓመት ያለ ችግር ይቆያል። አተላው የተጣበቀበት ማሰሮ በሳሙና አይለቅም፤ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ሙጫው ይለቃል፤ የቀረውን ሬዚን ያ ለአፍ አይሆንም ያልነው የፋርማሲ 70 በመቶ ይጠርገዋል።